ሽታ የሚፈራ ቁስል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። እኔ መሬት የተደለደለበት ዓመት ነው ስል ባለቤቴ "ኧረ አይደለም፤ ያን ጊዜ ቀይቱ ላም ገና ጊደር ነበረች" ትለኛለች። እሷ ዓመትን በከብት ነው የምትቆጥረው። እኔ ደግሞ ከብቱም ዓመቱም ይምታታብኛል። ደርግ ወድቆ፣ ቀበሌው ስብሰባ የሚያበዛበት፣ ከራቤል የሚወጣው መንገድ ገና ጠጠር ያልጠገበበት ዘመን እንደነበረ ብቻ አውቃለሁ። ወራቱ ግን አይጠፋኝም። ጥምቀት አልፎ፣ የመኸሩ ገብስ ጎተራ ገብቶ፣ ሰው ለበልግ ማሳውን ማገላበጥ የጀመረበት ሰሞን ነበር። የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። ሰው ሁሉ ሲያርስ እኔ ተኝቼ ነበር።

ባሕር ዛፍ ስፈልጥ ነው የሆነው። መጥረቢያው እንጨቱን ስቶ ቅልጥሜ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቅንበትም። ባለቤቴ የቡና ዱቄት ነስንሳ በጨርቅ ጠፍራ አሰረችው፤ ደሙም ቆመ። የተጨነቅነው በሌላ ነገር ነው፤ በበሽታው ሳይሆን በጠረን።

በእኛ አገር አዲስ ቁስል ያለበት ሰው ከሽታ ይጠበቃል። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ጥንብ፣ ሽቶ፣ ይህ ሁሉ ለቁስል አይበጅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመኝታ ተነሥቶ ሳይታጠብ የመጣ ሰው ጠረን ነው። ከየትኛው መኝታ እንደሆነ የገባው ይገባዋል። ይህ ጠረን የመታው ቁስል ያመረቅዛል፤ ይቆጣል፤ አልድንም ይላል። ስለዚህ ቁስለኛ ያለበት ቤት የሚመጣ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆም ይላል። የነጻ ሰው ይገባል። ያልነጻው ከደጅ ሆኖ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ይመለሳል። ለምን አልገባም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማንም ስሙን ስለማይጠራው ማንም አያፍርም። ቁስለኛውም ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥሮ አፍንጫው ሥር ያደርጋል። እኔም ቋጠሮዬን ይዤ ተኛሁ።

እንዲህ ተጠንቅቄም ቁስሉ አልሻረም። እግሬ እንደ ቅል አበጠ፤ ቆዳው ጠቆረ፤ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ አየውና "አንድ ያልነጻ ሰው ገብቶበታል" አለ። ማን እንደገባ አልተጣራም። እንዲህ ያለ ነገር አይጣራም። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ካደረሱኝ በኋላ እህል የጫነ መኪና ላይ ተጋድሜ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ሄድኩ። ቤቱንና በጎቹን የሚጠብቅ ስላስፈለገ ባለቤቴ ቀረች። ልታስታምመኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ ነበረች። እትዬ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰው ፈርታ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ በፊትም አትፈራም ነበር ይላሉ።

የወንዶቹ ክፍል ረዘም ያለ ነው፤ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከእኔ ቀጥሎ የተኛው ከመርሐቤቴ የመጣ ሰው ነበር፤ ከገደል ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። እግሩን በገመድ ወደ ላይ ሰቅለው ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥለውበታል። መንቀሳቀስ ስለማይችል ያልተሰቀለው ምላሱ ብቻ ነበር። ገና ስገባ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ከየት ነህ?" አለኝ።

"ከግሼ።"

"የበግ ጠጉር ባናህን ሳይ አውቄዋለሁ። እናንተ ደገኞች በግ ታረባላችሁ፣ በግ ትበላላችሁ፣ በግ ትለብሳላችሁ። አሁን የታመምከው አንተ ነህ ወይስ በጉ ነው?"

"እናንተ ቆለኞችስ ገደላችሁን አታውቁትም እንዴ? ወድቃችሁ ነው ወይ የምትለኩት?" አልኩት። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቃል አያበዛም። እግሬን አየ፣ ጫን ጫን አደረገው፣ መርፌ አዘዘልኝ። ከዚያም "አባባ፣ መርፌው ብቻውን አያድንዎትም። ይህ ቁስል በየቀኑ ከሥሩ መታጠብ አለበት። መግሉ አጥንት ከገባ ከጉልበትዎ በታች መቁረጥ ይመጣል" አለኝ። ሲናገር ድምፁን ዝቅም ከፍም አላደረገም። በአንድ እግሩ ዕርፍ ይዞ ፈር ያወጣ ገበሬ አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር እግሩን ያጣ ሰው ወይ ለበሬዎቹ የእኩል አራሽ ይፈልጋል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን በር ይቀመጣል። እኔ ለእኩል የሚሰጥ ሰፊ መሬት አልነበረኝም።

ቁስል የምታጥበው ሲስተር የከተማ ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ፈጣን፣ ጥርሷ ፍንጭት። እሷ ከመግባቷ በፊት ሽቶዋ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍታ ስትመጣ ሽቶው አፍንጫዬን አለፈና ቁስሌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ባናዬን ጎትቼ እግሬን ሸፈንኩ።

"አባባ፣ ላጥብዎት" አለችኝ።

"ዛሬ ደኅና ነው ልጄ። ፋሻውን ብቻ ከላይ ለውጪው።"

"ከሥሩ ነው መታጠብ ያለበት።"

"ነገ።"

ነገም መጣች፤ ነገም እንዲሁ አልኩ። ሥራዋ ብዙ ነው፤ የሚጣራት ብዙ ነው። ፋሻውን ከላይ ለውጣልኝ ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን ቆም ብላ "አባባ፣ የሚፈሩት እኔን ነው ወይስ አልኮሉን?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አልኮሉን ነው" አልኳት።

አልኮሉን አልነበረም። ግን ምን ልበላት? ያላገባችን ልጅ "ሽታሽ ቁስሌን ይመታዋል" ማለት "ከማን ጋር አድረሽ መጣሽ" ማለት ነው። የእሷ ሽቶ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቃሉ አንድ ነው፤ የሚሰማው ክፍልም ሙሉ ነው። አባቷ ብሆን ምን ይሰማኝ ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ስለዚህ ቋጠሮዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ዝም። በዝምታዬ ላይ መግል ተጠራቀመ። ሐሙስ ለት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና ፊቱን አጨፈገገ። "ለምን አይታጠቡም? እምቢ ይላሉ ብላኛለች። እንግዲህ ሰኞ እንወስናለን" ብሎ ሄደ።

መርሐቤቴው ሰምቷል። "ወንድሜ፣ እግርህን ሲቆርጡት ትርፉን ጫማ ለእኔ ስጠኝ። እኔም ይቺ የተሰቀለችው እስክትወርድ የምጫማው ባንዱ ነው" አለኝ። ሳቅሁ። ሳቁ እግሬን አመመኝ።

በማግስቱ ነው ወሬው የመጣው። ከአዲስ አበባ መርማሪ መጥቷል፤ መድኃኒት የሚያደርጉ ሰዎችን እያጠያየቀ ነው ተባለ። ኋላ እንደተረዳሁት የሆስፒታሉ ሰዎች ያሉት "ተመራማሪ" ነው፤ እኛ የሰማነው "መርማሪ" ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተማረ ሰው ነው። እኔ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ በሬ የተከተልኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው መርማሪ ፖሊስ ጣቢያ ያለውን ነው። መድኃኒት የሚለው ቃል ደግሞ ነገሩን አባሰው። በእኛ ዘንድ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ማለት የሚያድን ብቻ አይደለም፤ የሚያፈዝዝም የሚገድልም ነው። "መድኃኒት አበሉት" የተባለ ሰው ተቀብሮ ያለቀለት ሰው ነው። ስለዚህ መርማሪ መድኃኒት ፍለጋ መጣ ሲባል፣ በክፍሉ ያለው ሁሉ ያለውን ነገር ትራሱ ሥር፣ ፍራሹ ሥር፣ አቅማዳው ውስጥ ከተተ። እትዬ የእኔን ቋጠሮ ነጥቃ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሰውየው ሲገባ ግን ፖሊስ አይመስልም። ፀጉሩ ገብስማ፣ መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ወንበር ስቦ መርሐቤቴው አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

"አባባ፣ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን መድኃኒት ተጠቅመው ነበር?"

"እኔ? መድኃኒት የሚባል ነገር በቤቴም በጎረቤቴም የለም።"

"አሁንስ፣ ሆስፒታሉ ከሚሰጥዎት ሌላ የሚያደርጉት አለ?"

"አለ። ጸሎት።"

"ሌላስ?"

"እንቅልፍ።"

አንዱ ባናውን አፉ ላይ አድርጎ ሲስቅ ሰማሁ። ሰውየው ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ያንኑ ጠየቀኝ። "ማን ነገረብኝ?" አልኩት። ማንም አልነገረብዎትም አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ አስረዳኝ። "ሐኪሙ የሚያየው እግርዎን ነው" አለ። "ወጌሻው አጥንትዎን፣ ቄሱ ነፍስዎን ያያሉ። ቤትዎ ደግሞ የራስዎ ጥንቃቄ አለዎት። ሁሉም የሚይዘው አንድ ቁራጭ ነው፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። አንድ ሆስፒታል ይህን ሁሉ ሰብስቦ ሰውየውን እንዳለ ሊያክመው ይችላል ወይ? እኔ የማጠናው ይህንን ነው።"

ጥሩ አነጋገር ነበር። መርሐቤቴው ግን ሰውየው ዘወር ሲል ጠብቆ "ወጥመድ ሲያማምር ነው" አለኝ በሹክሹክታ። እኔም "እኔ ምንም የለኝም ጌታዬ" ብዬ ተገላገልኩ። ሁሉም እንዲሁ አለው። ያን ዕለት ሰውየው ባዶውን ወጣ።

ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። የገበያ ቀን ስለነበር በከተማው ሲዞር ውሎ፣ የቀትር ፀሐይ አናቱን መትቶት ነው የገባው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግንባሩን ይይዛል፤ ያነጥሰዋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ጀመረና ተወው። እትዬ አጠገቤ ሆና ታየው ነበር።

"አንተ ልጅ" አለችው። ፀጉሩ ገብስማ የሆነውን ሰው። "ራስህን ነው?"

"ትንሽ ፈለጠኝ እማማ። ያልፋል።"

"አያልፍም። ምች መቶሃል።"

ምች የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ክፍሉ እንዳለ ተነሣ ማለት ይቻላል፤ መነሣት የማይችለውም ተነሣ። መርሐቤቴው እጁን ፍራሹ ሥር ሰዶ አንድ እፍኝ ዳማከሴ አወጣ፤ ሚስቱ ከቆላ ያመጣችለት፣ ቅጠሉ ገና ያልደረቀ። ከበሩ አጠገብ ያለው ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ነበር፤ ፈታው። ማዶ ያለው ሽማግሌ ጠበል ያለበትን ትንሽ ጀሪካን ከአልጋው ሥር ጎተተ። እትዬም መቀነቷን ፈትታ የእኔን ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ዘረገፈች። ዳማከሴውን በመዳፏ አሽታ "ቀና በል" አለችውና አፍንጫው ውስጥ ጠብ አደረገችለት። ሰውየው አነጠሰ፤ አለቀሰ፤ ደግሞ አነጠሰ። ሽማግሌው "ጠበሉን ፊትህን አስነካው" ይላል። መርሐቤቴው "ቀስ አድርጊለት፣ የአዲስ አበባ አፍንጫ ነው" ይላል።

ትንሽ ቆይቶ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። አልጋው ላይ የተዘረገፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

"ትናንት መድኃኒት የለንም ብላችሁኝ አልነበረም?" አለ።

"የለንማ" አለች እትዬ።

"ይኼስ ምንድን ነው?"

"ይኼ መድኃኒት ነው እንዴ? ይኼ ዳማከሴ ነው።"

ሰውየው ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ረጅም ሳቀ። ከዚያ "ጥያቄዬ ነው የተበላሸው" አለ። "እንግዲህ እንደገና ልጠይቅ። መድኃኒት ይቅር። ከትራሳችሁ ሥር ምን ምን አለ?"

ያን ጊዜ ሁሉም ተናገረ። አፉን መያዝ የቸገረው እስኪመስል ተናገረ። እሱም አላቋረጠም። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጤና አዳሙን አንሥቶ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ለጠረን" አልኩት።

"ለምን ጠረን?"

"እንዲያው ለጠረን።"

መርሐቤቴው "ንገረዋ" አለኝ። "አንተ አፍህን ያዝ" አልኩት። ሰውየው ሁለታችንንም ተራ በተራ አየ፤ አልገፋኝም።

እሱ እዚያው እንደተቀመጠ ሲስተር ትሪዋን ይዛ ገባች። ሽቶዋ እንደ ወትሮው ቀደማት። እኔ ሳላስበው ባናዬን ሳብኩ፤ ጤና አዳሙን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። ቀና ስል ሰውየው እያየኝ ነው። ተነሥቶ ልጅቱን "አንዴ ላናግርሽ" ብሎ ይዟት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በሩ አልተዘጋም። የእሱ ድምፅ አይሰማም፤ የእሷ ግን ተሰማ። "እኔ? እኔ ምን አድርጌ?" አለች።

ስትመለስ ትሪው እጇ ላይ አልነበረም። አልጋዬ ግርጌ ቆመች።

"አባባ፣ እኔ እንደዚያ ያለች ሰው እመስላለሁ?" አለችኝ።

ግድግዳውን አየሁ። የፈራሁት ይህችን ሰዓት ነበር። እትዬ ናት የመለሰችላት። "ልጄ፣ አንቺን ያማሽ የለም። እሱ ያፈረው እንዳያማሽ ነው። ሽቶው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።"

"ሽቶውን ለምን እንደምቀባው ታውቃላችሁ?" አለች ልጅቱ። አልጮኸችም። "ይህን ሥራ ስጀምር የመግሉ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ እህል አልበላልኝ አለ። እናቴ ልትመነምኚ ነው ብላ ታለቅስ ነበር። አንዲት ባልደረባዬ ናት ሽቶ ተቀቢ ያለችኝ። ስቀባው እችለዋለሁ። ያለሱ የእናንተን ቁስል ማጠብ አልችልም።"

እኔ የእሷን ጠረን ፈርቼ ጤና አዳም ይዣለሁ፤ እሷ የእኔን ጠረን ፈርታ ሽቶ ተቀብታለች። እሷ ብትተወው እህል አይበላላትም፤ እኔ ብተወው እግሬ ይቆረጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን ማንም በቃል አልተናገረውም፤ ግን ሁላችንም አየነው። ቀድሞ የተናገረው እግሩ የተሰቀለው ሰው ነው።

"ድሮስ 'በሽታ' የተባለው በ'ሽታ' ስለሚመጣ አይደል? ሁለታችሁንም ያመማችሁ አንድ ነው" አለ።

ሲስተሯ ሳታስበው ሳቀች፤ ፍንጭቷ ታየ። ሰውየውም ሳቀ፣ "ይህን አስቤው አላውቅም ነበር" አለ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ጤና አዳሙን ከእኔ እጅ ወሰደችና ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ለልጅቱ ዘረጋችላት።

"እንኪ። ሲያጥወለውልሽ ይህን አሽትቺው። ለመግሉም ይሆንሻል፤ እሱም አይፈራውም። ካልበጀሽ ወደ ሽቶሽ ትመለሻለሽ፤ እኛም ወደ ሐኪሙ መጋዝ።"

ልጅቱ ተቀበለቻት። ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ ጠዋት መጣች። ሽቶ አልቀደማትም። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች፤ አፏና አፍንጫዋ ላይ ባሰረችው ጨርቅ ውስጥ የጤና አዳሙ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ወደ አልጋዬ ከመቅረቧ በፊት ቆም አለች፤ ልክ በእኛ አገር የቁስለኛ ደጃፍ ላይ እንደሚቆመው። ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እትዬ ሳትሆን አትቀርም።

"ልግባ አባባ?" አለችኝ።

"ግቢ ልጄ" አልኳት፤ ባናዬንም ገለጥሁ።

ከሥሩ አጠበችው። ስለ ሕመሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ የጋቢዬን ጫፍ ነክሼ ነበር። የሞተውን ሥጋ ቆርጣ አወጣች፤ መግሉ ወደ ሳህኑ ወረደ። ሽታው ለእኔም ከበደኝ። ሁለቴ ፊቷን አዞረች፣ የጤና አዳሙን ጠረን ሳበች፣ ተመለሰች። መሐል ላይ "ይህ ሁሉ ከሥር ሲሰበሰብ ነበር አባባ?" አለችኝ።

"ነበር።"

"ለሽቶዬ ብለው እግርዎን ሊሰጡ ነበር?"

"ስድብ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።"

ማጠቧን ቀጠለች። ፋሻውን ስትጠቀልል "ሌላ ጊዜ ይስደቡኝ" አለች።

ሰኞ ሐኪሙ መጣ። ፈታው፣ ጎንበስ ብሎ አየው። ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። "ዛሬ አንቆርጥም። እንዲህ እየታጠበ ከቀጠለ እናያለን" ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። መርሐቤቴው "ጫማዬ ቀረች" አለ።

ተመራማሪው ከመሄዱ በፊት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ነገር እንዳልሳሳት ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ "አባባ፣ ቁስልዎን ያበላሸው ሽታው አይደለም፤ አለመታጠቡ ነው" አለኝ።

"እሺ። እንዳልታጠብ ያደረገኝስ ምንድን ነው?"

አሰበ። "ሽታው" አለ።

"እንግዲያው ሁለታችንም አልተሳሳትንም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይህንኑ ለሐኪሞቹ እንደነገራቸው እትዬ ሰምታለች። በሽተኛውን ምን መድኃኒት ወሰድክ ብቻ ሳይሆን ምን ትፈራለህ ብላችሁ ጠይቁት አላቸው አሉ። ቁስል የሚያጥቡትም በሥራ ሰዓት ሽቶ እንዳይቀቡ ተነገራቸው። ጠበል የሚጠጡትን ደግሞ ወይ ኪኒናውን ወይ ጠበሉን ምረጡ እንዳይሏቸው፣ ሰዓቱን አብረው እንዲያስማሙ ተባለ። ሌላ ምን እንደተደረገ አላውቅም። ሰውየው ያጠናውን የት እንዳደረሰውም አልሰማሁም። ከዓመታት በኋላ ለባለቤቴ ዓይን እዚያው ስሄድ ግን በወንዶቹ ክፍል በር አጠገብ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አይቻለሁ። ጫፍ ጫፉ ተቀንጥሷል። የሚቀነጥሰው በሽተኛው ይሁን ሠራተኛው አልጠየቅሁም።

ያን በልግ ጎረቤቶቼ በወንፈል አረሱልኝ። ክረምት ላይ ዕርፉን ራሴ ያዝኩ። እግሬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያስነክሰኛል፤ ነገር ግን የራሴ እግር ነው። አገሬ ስገባ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ፤ ደጃፌ ላይም እንደ ልማዱ ቆም አለ። ጠረን ቁስል ይመታል ወይስ አይመታም ብሎ ዛሬ የሚጠይቀኝ ቢኖር አላውቅም እለዋለሁ። ልጆቼ ሲቆስሉ ግን በደንብ አሳጥባለሁ፤ ጤና አዳምም ከአጠገባቸው አላጠፋም።

ማን ነው ያሻገረህ የሚሉኝ አሉ። አንዳንዱ ሐኪሙ ይላል፤ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ይላል። እትዬ በሕይወት ሳለች እኔ ነኝ ትል ነበር፤ ያለእሷ እንደማይሆን እኔም አልክድም። ግን አንድ ሰው ጥራ ካላችሁኝ የምጠራው ያቺን ነው፤ ሽቶዋን ትታ የእኔን ጠረን የተሸከመችውን፣ ከአልጋዬ ፊት ቆማ "ልግባ?" ያለችኝን፣ ፍንጭቷን ሲስተር።